እጩው ለተፈረደባቸው ባለሥልጣናት ይቅርታ ያደርግ ይሆን? ከምርጫ በፊት አቋሙን እንዴት እንመርምር

በአሜሪካ ፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ቢያወጣ ፍርድ ቤት ሊያግደው ይችላል። ሚኒስትር ቢያጭ ሴኔት ይጥልበታል፤ በጀት ቢያቀርብ ኮንግረስ ይቆርጥበታል። ይቅርታ ግን ተፈርሞ ለባለጉዳዩ ከደረሰ በኋላ የሚመልሰው ምክር ቤት የለም፤ ቀጣዩ ፕሬዚዳንትም ሊሽረው አይችልም። ጉቦ ሲበላ ተይዞ የተፈረደበት ባለሥልጣን በአንድ ፊርማ እዚያው ቀን ቤቱ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ መራጩ በዚህ ሥልጣን ላይ ጉልበት የሚኖረው ድምፁን ከመስጠቱ በፊት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚነሳው ጩኸት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ይህ መመሪያ በአሜሪካ ለሚመርጡ አማርኛ ተናጋሪዎች ነው። የአንድን እጩ አቋም ከየት እንደሚፈልጉት፣ እንዴት እንደሚያነቡትና ፊት ለፊት ሲያገኙት ምን ብለው እንደሚጠይቁት ያሳያል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቃሉን ለዩት

አማርኛ ተናጋሪ መራጭ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ ይቅርታ የሚባለው ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነ በኋላ ለተፈረደበት ሰው የሚሰጥ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ የሚያደርገውም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 መሠረት፣ ሕግ ባስቀመጠው ሥርዓት ነው። ምሕረት ሌላ ነው፤ ክስ ሳይመሠረትም ሊሰጥ ይችላል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሥልጣን ሁለቱንም ጠቅልሎ ይዟል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ማግሥት በጋርላንድ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ወንጀሉ ከተፈጸመ በኋላ ከክስ በፊትም፣ በክርክር መካከልም፣ ከፍርድ በኋላም ይቅርታ መስጠት ይቻላል። ስለዚህ በአማርኛ ዜና «ይቅርታ አደረገለት» ስትሰሙ ገና ምንም አላወቃችሁም። የሚከተሉትን ለዩ።

ሙሉ ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል፤ በፍርዱ ምክንያት የታጡ መብቶችንም ይመልሳል። ፍርዱ ግን ከመዝገብ አይፋቅም፤ ንጹሕ ነው ማለትም አይደለም። ቅጣት ማቅለል ደግሞ እስሩን ያሳጥራል ወይም ያበቃል፤ ጥፋተኝነቱ እንዳለ ይቆያል። ያልተከፈለ መቀጮንና ካሳን መሰረዝም ይቻላል፤ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት የገባ ገንዘብ ግን ያለ ኮንግረስ ፈቃድ እንደማይመለስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1877 በይኗል። አመክሮ ከእነዚህ ከአንዱም ጋር አይገናኝም፤ እሱ የፍርድ ቤትና የማረሚያ ቤት ሥራ ነው።

ልዩነቱ በአንድ ሰው ጉዳይ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበረው ስኩተር ሊቢ በ2007 ፍትሕ በማደናቀፍና በሐሰት በመመስከር ተፈርዶበት 30 ወር እስር፣ 250,000 ዶላር መቀጮና ከዚያ በኋላ የሁለት ዓመት ክትትል ተወሰነበት። ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ በጁላይ 2 ቀን 2007 እስሩን ብቻ አነሱለት። መቀጮው፣ ክትትሉና ወንጀለኝነቱ ግን እንዳሉ ቆዩ። ቼኒ ሙሉ ይቅርታ እንዲሰጠው ቢወተውቱም ቡሽ እምቢ አሉ። ሙሉ ይቅርታውን ያገኘው ከ11 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በኤፕሪል 2018 ከዶናልድ ትራምፕ ነው። አንድ እጩ «ለሊቢ የተደረገውን እደግፋለሁ» ቢላችሁ መልሳችሁ «የትኛውን? የ2007ቱን ወይስ የ2018ቱን?» ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ። መልሱ ሁለት የተለያዩ ሰዎችን ያሳያችኋል፤ አንዱ ቅጣቱ በዛ የሚል፣ ሌላው ፍርዱ ራሱ መቅረት አለበት የሚል።

ከክስ በፊት የሚሰጠው ደግሞ ከሁሉም ሰፊ ነው። ጄራልድ ፎርድ በሴፕቴምበር 8 ቀን 1974 ለሪቻርድ ኒክሰን የሰጡት ይቅርታ የአንድም ወንጀል ስም አይጠራም፤ ከጃንዋሪ 20 ቀን 1969 እስከ ኦገስት 9 ቀን 1974 የፈጸመውን ወይም ፈጽሞት ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ይላል። ጆ ባይደንም በዲሴምበር 1 ቀን 2024 ለልጃቸው ሲሰጡ በስም የተጠቀሱት ክሶች ላይ ሳይወሰኑ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ጀምሮ ያለውን አሥራ አንድ ዓመት ገደማ በቀን ቆርጠው ሸፈኑት። ስለዚህ ለእጩው ከምታቀርቡት ጥያቄ አንዱ «በወንጀል ስም ነው ወይስ በቀን ክልል?» የሚል ይሁን።

ሥልጣኑ የማን እንደሆነ እወቁ

ፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ሊያደርግ የሚችለው በፌደራል ወንጀል ብቻ ነው። በክፍለ ሀገር ሕግ በተፈረደበት ሰው ላይ ሥልጣን የለውም። ዴንቨርና አውሮራ ያሉ ወገኖቻችን ይህን በቅርብ አይተውታል፤ በኮሎራዶ የሜሳ ካውንቲ ጸሐፊ የነበረችው ቲና ፒተርስ ከምርጫ መሣሪያዎች ጋር በተያያዘ በክፍለ ሀገሩ ፍርድ ቤት በ2024 ዘጠኝ ዓመት ተፈርዶባታል። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በዲሴምበር 2025 ይቅርታ እንዳደረጉላት አስታወቁ፤ የክፍለ ሀገሩ ባለሥልጣናት ግን ፕሬዚዳንቱ በዚህ ላይ ሥልጣን የላቸውም ብለው መለሱ። ለኮሎራዶ አገረ ገዥነት የሚወዳደር ሰው ታዲያ ስለ እሷና ስለ መሰሎቿ ያለው አቋም ከማንም ፕሬዚዳንት አቋም በላይ ይመዝናል።

ዋሽንግተን ዲሲ ለብቻዋ ናት። ክፍለ ሀገር ስላልሆነች በዲሲ ሕግ የተፈረደበትንም ጭምር ይቅር የሚለው ፕሬዚዳንቱ ነው። በጃንዋሪ 2025 አንድ ወጣት በሞተበት የፖሊስ ማሳደድ የተፈረደባቸው ሁለት የዲሲ ፖሊሶች ይቅርታ ያገኙት ከፕሬዚዳንቱ ነው። በጆርጂያ አቬኒው የምትኖሩ፣ ስለ ከተማችሁ ፖሊስ የምትጠይቁት ከንቲባውን ሳይሆን የፕሬዚዳንት እጩውን ነው።

በሌሎች ቦታዎች እንደየክፍለ ሀገሩ ይለያያል፤ ይህን ሳታውቁ ከጠየቃችሁ እጩው «የእኔ ሥልጣን አይደለም» ብሎ ያልፋችኋል። በጆርጂያ ከ1943 ጀምሮ ሥልጣኑ የአገረ ገዥው ሳይሆን የአምስት ሰዎች ቦርድ ነው፤ አገረ ገዥው ግን አባላቱን ይሾማል። ስለዚህ የአትላንታ መራጭ «ለቦርዱ እነማንን ትሾማለህ?» ብሎ ይጠይቅ። በቴክሳስ አገረ ገዥው የቦርዱ አብላጫ ድምፅ በጽሑፍ ካልመከረው ይቅርታ መስጠት አይችልም። በሚኒሶታ ቦርዱ አገረ ገዥው፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉና የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ናቸው፤ ድሮ ሦስቱም መስማማት ነበረባቸው፣ በ2023 በወጣው ሕግ ግን አገረ ገዥው ያለበት ሁለት ድምፅ ይበቃል። ስለዚህ ለዐቃቤ ሕግነት የሚወዳደረውም መጠየቅ አለበት። በሜሪላንድ አገረ ገዥው ይቅርታ ከመስጠቱ በፊት ማመልከቻውን በጋዜጣ ማሳወቅ ግዴታው ነው። በቨርጂኒያ ደግሞ ከሰጠ በኋላ እያንዳንዱን ጉዳይ ከነምክንያቱ ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ይዘረዝራል። በካሊፎርኒያ ሁለት ጊዜ በከባድ ወንጀል ለተፈረደበት ሰው የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አብላጫ ድምፅ ያስፈልጋል።

የሜሪላንድን ሥርዓት ልብ በሉት። ለፕሬዚዳንቱ እንዲህ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ የለበትም። በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ የይቅርታ ጉዳይ ቢሮ አለ፤ ሕጉም አመልካች ከተፈረደበት ወይም ከእስር ከወጣ አምስት ዓመት እንዲቆይ ይላል። ይህ ግን ለአመልካች የተጻፈ ደንብ እንጂ ፕሬዚዳንቱን አያስርም። የአሪዞናው የቀድሞ ሸሪፍ ጆ አርፓዮ በ2017 ይቅርታ ሲደረግለት አምስት ዓመት ሊቆይ ቀርቶ ቅጣቱ እንኳ ገና አልተወሰነም ነበር። እጩውን «ቢሮው ሳያየው ለባለሥልጣን ይቅርታ ትሰጣለህ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ እኛ ከሁሉም ጥያቄ ይህን እናስቀድማለን።

በአንድ ገጽ ላይ መዝግቡት

አንድ ወረቀት ወስዳችሁ ለእያንዳንዱ እጩ አምስት ዓምድ አስምሩ፦ የተናገረበት ቀን፣ የተናገረበት ቦታ፣ ቃል በቃል ያለው፣ የተጠቀሰው ባለሥልጣን ስምና ፓርቲ፣ እና ከላይ ከለየናቸው ዓይነቶች የትኛው እንደሆነ። አምስተኛውን ዓምድ መሙላት ካልቻላችሁ እጩው ግልጽ መልስ አልሰጠም ማለት ነው፤ ባዶ ተዉት፤ ባዶነቱ ራሱ መረጃ ነው።

ለመሙላት ሁለት ምሽት ይበቃል። በመጀመሪያው ምሽት የተናገረውን ፈልጉ። በቲክቶክ የሚዞር የ20 ሰከንድ ቁራጭ ላይ አማርኛ ተደርቦበት ስታገኙ ወደ ገጹ አትገልብጡ፤ ሙሉ ቃለ ምልልሱን በሲስፓን (የፖለቲካ ስብሰባዎችን ሳይቆርጥ በሚያሳየው ጣቢያ) ወይም ቃለ ምልልሱን ባደረገው ጣቢያ ገጽ አግኝታችሁ ጥያቄውን ራሱን፣ ከፊቱና ከኋላው ሁለት ሁለት ደቂቃ ስሙ። ብዙ ጊዜ «አዎ» የተባለው ተጠየቀ ለሚባለው ነገር ሳይሆን ለሌላ ነው፤ «ላጤነው እችላለሁ» የተባለውም በትርጉም «አደርጋለሁ» ሆኖ ይመጣል።

በሁለተኛው ምሽት የሠራውን ፈልጉ። ከዚህ በፊት ፕሬዚዳንት ወይም አገረ ገዥ ከነበረ የሰጣቸው ይቅርታዎች ዝርዝር አለ። የፌደራሉ በፍትሕ ሚኒስቴር የይቅርታ ጉዳይ ቢሮ ገጽ ላይ በየፕሬዚዳንቱ ተከፋፍሎ ተቀምጧል፤ ሙሉ ይቅርታውና ቅጣት ማቅለሉ ብዙ ጊዜ በተለያየ ገጽ ነው፤ አንዱን ብቻ የሚያይ ግማሹን ያጣል። ዝርዝሩ ስም፣ ፍርድ ቤት፣ ወንጀልና ቅጣት ይነግራችኋል እንጂ «ይህ ሰው ከንቲባ ነበር» አይልም። ስለዚህ በሥልጣን ስም አትፈልጉ፤ በወንጀሉ ስም ፈልጉ፦ «ብራይበሪ» (bribery፣ ጉቦ)፣ «ኤክስቶርሽን» (extortion፣ አስገድዶ መቀበል)፣ «ኦነስት ሰርቪስስ» (honest services፣ የሕዝብ አደራን በማጭበርበር መብላት)፣ «ኮንቴምፕት» (contempt፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ መጣስ) የሚሉትን በእንግሊዝኛ ጻፉ። የባለሥልጣን ወንጀል አብዛኛው በእነዚህ ስር ይገኛል።

በጅምላ የሚሰጠውን አትዝለሉ። ባይደን በዲሴምበር 12 ቀን 2024 በቤታቸው ሆነው ቅጣታቸውን ሲፈጽሙ ለነበሩ ወደ 1,500 ሰዎች ቅጣት አቀለሉ። መስፈርቱ ለሁሉም አንድ ስለነበር በውስጡ በፔንስልቬንያ ልጆችን ወደ ግል ማረሚያ እየላከ ገንዘብ የተቀበለው የቀድሞ ዳኛ ማይክል ኮናሃን፣ እንዲሁም በኢሊኖይ ዲክሰን ከተባለች ትንሽ ከተማ ካዝና ወደ 54 ሚሊዮን ዶላር የዘረፈችው የገንዘብ ኃላፊ ሪታ ክራንድዌል አብረው ወጡ። ውሳኔው የተበደሉትን ቤተሰቦች አስቆጣ። ማንም እጩ በምረጡኝ ዘመቻ ላይ «ሌባ ዳኛ እፈታለሁ» አይልም፤ «በቤት ውስጥ ላሉ አረጋውያን እስረኞች አስባለሁ» ነው የሚለው። ጥያቄያችሁ «በጅምላ ስትሰጥ የሕዝብ አደራ የበሉትን ለየብቻ ታያለህ?» የሚል ይሁን።

እጩው የምክር ቤት አባል ከነበረ ድምፁን ፈልጉ። የተወካዮች ምክር ቤት በዲሴምበር 9 ቀን 2021 በ220 ለ208 ያሳለፈው ዴሞክራሲያችንን እንጠብቅ የተሰኘ ረቂቅ ፕሬዚዳንት ለራሱ ይቅርታ እንዳይሰጥ የሚልና ይቅርታን በጉቦ ሕግ ውስጥ በግልጽ የሚያስገባ ክፍል ነበረው፤ በሴኔት ስላላለፈ ግን ሕግ አልሆነም። በዕለቱ ማን እንዴት እንደመረጠ በኮንግረስ መዝገብ ላይ በስም አለ።

አነጋገሩን መፍታት

ከእጩዎች አፍ የሚወጡ መልሶች ጥቂት ናቸው፤ ከለመዳችኋቸው ወዲያው ትለዩዋቸዋላችሁ። በ2023 ሦስት የሪፐብሊካን እጩዎች ለአንድ ጥያቄ ሦስት ዓይነት መልስ ሰጥተዋል፤ ጥያቄው ትራምፕ ቢፈረድባቸው ይቅርታ ታደርጋላችሁ ወይ የሚል ነበር። ቪቬክ ራማስዋሚ በጁን 13 ቀን 2023 በማያሚ ፍርድ ቤት ደጅ ቆሞ አደርጋለሁ አለ፤ ሌሎቹም ቃል እንዲገቡ ወይም የማይገቡበትን ምክንያት እንዲናገሩ ጠየቀ። ኒኪ ሄሊ በዲሴምበር በኒው ሃምፕሸር አደርጋለሁ አለች፤ ምክንያቷ ግን የአገር ጥቅም እንጂ ፍርዱ ሐሰት ነው የሚል አልነበረም። ኤሳ ሃቺንሰን ደግሞ በዘመቻ ላይ የይቅርታ ቃል መግባት ራሱ ለፍትሕ ሥርዓቱ አይበጅም አለ።

የመጀመሪያው በስም የተሰጠ ቃል ነው፤ ስለዚያ ሰው ይነግራችኋል እንጂ ነገ ስለሚፈረድበት ሴናተር አይነግራችሁም። ሁለተኛው ምክንያት ይዟል፤ ምክንያት ያለው መልስ ሊፈተን ይችላል፦ የአገር አንድነት ለፕሬዚዳንት ከሠራ ጉቦ ለተቀበለ ከንቲባም ይሠራል? ሦስተኛው አቋም ይመስላል፤ ሆኖም ካልተጠነቀቃችሁ ማምለጫ ይሆናል። «ስለ ስም አልናገርም» ለሚል እጩ «እሺ፣ ስም ተወው፤ መስፈርትህን ንገረን» በሉት።

«እያንዳንዱን ጉዳይ ለየብቻ አያለሁ» የሚለው መልስ ባዶ ነው፤ ማንም ፕሬዚዳንት እንዲያ ነው የሚለው። «ፖለቲካዊ ክስ ነበር» የሚለው ከሁሉም የከበደ ነው፤ የዳኞችን ሸንጎ (የጁሪን) ፍርድ አልቀበልም ማለት ስለሆነ ማስረጃውን ጠይቁ፦ የትኛው ምስክር ሐሰት ነበር? ይግባኝ ሰሚው ምን አለ? «አሁን የማደርገው አይመስለኝም» ሲል «አሁን» የሚለውን አስምሩበት።

«አላደርግም» ብሎ የጨረሰውስ? እሱም ዋስትና አይደለም። ባይደን በጁን 2024 ለልጃቸው ይቅርታ እንደማያደርጉ ተናግረው ነበር፤ ምርጫው አልፎ በዲሴምበር መጀመሪያ አደረጉ። ፎርድ በኖቬምበር 1973 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት በሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ ፕሬዚዳንት ቢለቅ ተተኪው ምርመራውንና ክሱን ማስቆም ይችል እንደሆነ ሲጠየቁ ሕዝቡ እንዲህ ያለውን አይታገሥም ብለው መልሰዋል፤ ሥልጣን በያዙ በሠላሳኛው ቀን ይቅርታውን ፈረሙ። በጋሉፕ መለኪያ ኦገስት ላይ 71 በመቶ የነበረው ድጋፋቸው እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ወደ 50 ወረደ፤ በ1976ም ተሸነፉ። የፎርድን መልስ እንደገና አንብቡት፦ ሕዝቡ አይታገሥም እንጂ እኔ አላደርግም አላሉም። እጩው ስለ ሕዝብ ወይም ስለ ሕግ ሲያወራችሁ ወደ ራሱ መልሱት።

የምክትሉን ቃል የእጩው ቃል አድርጋችሁ አትመዝግቡ። ጄዲ ቫንስ ሥልጣን ሊረከቡ ቀናት ሲቀሩ በጃንዋሪ 2025 በካፒቶሉ ጥቃት ኃይል የተጠቀመ ይቅርታ ሊያገኝ አይገባም ብሎ ነበር፤ በጃንዋሪ 20 የወጣው አዋጅ ግን በፖሊስ ላይ ጉዳት በማድረስ የተፈረደባቸውን ጭምር ያካተተ ነበር። ፈራሚው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ስሙን ገልብጡት

የእጩውን አቋም እውነተኛነት ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ፈተና አናውቅም። ይቅርታ ይገባዋል ያለውን ባለሥልጣን ስም ትታችሁ፣ ያንኑ ወንጀል የሠራ የተቃራኒ ፓርቲ ሰው ስም አስገቡ። የታሪክ መዝገቡ ለሁሉም ጎን በቂ ምሳሌ አለው።

ዴሞክራቱ ክሊንተን በዲሴምበር 2000 ለዴሞክራቱ ዳን ሮስተንኮውስኪ ይቅርታ ሰጡ፤ ሰውዬው በምክር ቤቱ የግብር ሕግ የሚያወጣውን ኮሚቴ ይመራ የነበረና በማጭበርበር የታሰረ ነው። ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ በዲሴምበር 24 ቀን 1992፣ ምርጫ ከተሸነፉ በኋላ፣ በኢራን-ኮንትራ ጉዳይ (ለኢራን በስውር መሣሪያ ተሽጦ ገንዘቡ ለኒካራጓ አማፂያን በተላከበት) ለቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ካስፓር ዋይንበርገርና ለአምስት ሰዎች ሰጡ፤ የዋይንበርገር ችሎት ሊጀመር ሁለት ሳምንት አልቀረውም። ትራምፕ በዲሴምበር 2020 ለሪፐብሊካን የቀድሞ የምክር ቤት አባላት ለክሪስ ኮሊንስና ለደንከን ሃንተር ሰጡ፤ በኦክቶበር 2025 ደግሞ ከሰባት ዓመት በላይ የተፈረደበትን የጆርጅ ሳንቶስን ቅጣት አነሱ።

ግን የፓርቲ ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ትራምፕ የኢሊኖይ ዴሞክራት አገረ ገዥ የነበረውን ሮድ ብላጎየቪችን፣ የሴኔት ወንበር ሊሸጥ ሲል ተይዞ 14 ዓመት የተፈረደበትን፣ በ2020 ከእስር አወጡት፣ በ2025 ሙሉ ይቅርታ ጨመሩለት። የዲትሮይቱን ዴሞክራት ከንቲባ ክዋሚ ኪልፓትሪክን ከ28 ዓመት ፍርዱ በጃንዋሪ 2021 አሳጠሩለት፤ ለቴክሳሱ ዴሞክራት ሄንሪ ኩዌላርም ችሎት ሳይቀርብ በዲሴምበር 2025 ይቅርታ ሰጡ። ስለዚህ ሁለተኛውን መገልበጫ ተጠቀሙ፦ ፓርቲውን ሳይሆን ወንጀሉን። ለጉቦ ይቅርታ የሚሰጥ እጩ ለሐሰት ምስክርነትስ? ከሕዝብ ካዝና ለመስረቅስ? ፕሬዚዳንቱን ራሱን ለመከላከል ለዋሸ ሰውስ? ይህ የመጨረሻው ጥንታዊ ስጋት ነው፤ ጆርጅ ሜሰን በ1788 በቨርጂኒያው ጉባኤ ላይ ፕሬዚዳንቱ ራሱ የመከረውን ወንጀል ይቅር ሊል ይችላል ብሎ ሕገ መንግሥቱን የተቃወመበት ነጥብ ነው። ጄምስ ማዲሰን የመለሰው መድኃኒቱ ኢምፒችመንት፣ ማለትም በምክር ቤት ተከሶ ከሥልጣን መውረድ፣ ነው ብሎ ነው።

በኢምፒችመንት የተወሰነውን ይቅርታ እንደማያነሳውም አትርሱ። ብላጎየቪችን የኢሊኖይ ሴኔት በ2009 በ59 ለ0 ከሥልጣን አውርዶ በክፍለ ሀገሩ ዳግም እንዳይሾም አግዶታል፤ የ2025ቱ ይቅርታ ይህን እገዳ አልነካውም።

ፊት ለፊት ስትጠይቁ

በአዳራሽ ስብሰባ ላይ ማይክ በእጃችሁ የሚቆየው ሰላሳ ሰከንድ ያህል ነው። ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ከ40 ቃል ባልበለጠ ጽፋችሁ፣ ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ ሁለቴ አንብቡት። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ግቡ። ሁለት ከጠየቃችሁ የሚቀለውን ይመልስና ያልፋል። ረጅም መግቢያ፣ የአገር ቤት ታሪክ፣ ምስጋና አያስፈልግም፤ ለዚያ የምታጠፉት ጊዜ ለማምለጫው ጊዜ ይሰጠዋል።

ለፕሬዚዳንት እጩ፦ «የሕዝብ ሥልጣንን ተጠቅሞ በወንጀል ለተፈረደበት ባለሥልጣን፣ ከራስዎ ፓርቲ ቢሆን፣ የይቅርታ ጉዳይ ቢሮ ሳያየውና ቅጣቱን ሳይጀምር ይቅርታ ላለመስጠት ቃል ይገባሉ?» መልሱ አዎ ወይም አይ እንዲሆን ሆኖ የተሠራ ነው። ዙሪያውን ከዞረ «እንግዲያው አይ ብለው ልመዝግብ?» በሉ፤ በትሕትና፣ ድምፅ ሳታነሱ። ለአገረ ገዥ እጩ፦ «ይቅርታ ከመስጠትዎ በፊት ስሙን ለሕዝብ ያሳውቃሉ? ለስንት ቀን?» ሁለተኛው ክፍል ቁጥር ስለሚጠይቅ በደፈናው መመለስ ያስቸግራል።

የአገረ ገዥ ምርጫ ለዚህ ጥያቄ ትንሽ ነው የሚል ካለ ቴነሲን ይይ። በጃንዋሪ 1979 አገረ ገዥ ሬይ ብላንተን ሊወርዱ ቀናት ሲቀሩ በአንድ ሌሊት ለ52 እስረኞች ፈረሙ፤ ይቅርታ በገንዘብ ይሸጣል የሚል ምርመራ እየተካሄደ ስለነበር የሁለቱም ፓርቲ መሪዎች ተስማምተው ተተኪው ላማር አሌክሳንደር ከቀኑ ሦስት ቀን ቀድሞ ቃለ መሐላ እንዲፈጽም አደረጉ።

የኮሚዩኒቲ ማኅበር መድረክ የሚያዘጋጅ ከሆነ ለሁሉም እጩዎች እኩል ጥሪ ይላክ፤ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቅደም ተከተል ይጠየቁ፤ እኩል ደቂቃም ይሰጣቸው። ከግብር ነፃ የሆነ በጎ አድራጎት ማኅበር አንዱን እጩ መደገፍ አይችልም፤ ከመድረኩ «የእኛ ሰው» የምትል አንዲት ቃል ማኅበሩን ችግር ውስጥ ልትከተው ትችላለች። ጥያቄዎቹን ከሁለት ሳምንት በፊት በጽሑፍ ብትልኩላቸው መልስ አጣሁ የሚል ምክንያት አይኖራቸውም፤ የጽሑፍ መልስ ያልላከውንም መዝግቡ።

ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ ድምፅ መስጠት አይፈቀድላችሁም፤ በፌደራል ምርጫ መምረጥ ወንጀል ነው። ስብሰባ ገብቶ መጠየቅ፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ለእጩ ገንዘብ ማዋጣት ግን ትችላላችሁ።

ለኮንግረስ የሚወዳደሩትን

ለሴኔትና ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ይቅርታ አይሰጥም፤ ሥርዓቱን ግን ሊነካ ይችላል። እዚህ ላይ የሚሠራውንና የማይሠራውን ለዩ። የፕሬዚዳንቱን የይቅርታ ሥልጣን በተራ ሕግ መቀነስ አይቻልም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጁላይ 1 ቀን 2024 በትራምፕ ጉዳይ ሲወስን ይህን ሥልጣን ኮንግረስ ከማይነካቸው መካከል ጠቅሶታል። እጩው «ሕግ አውጥቼ አስቆመዋለሁ» ካለ ወይ አያውቅም ወይ እያታለለ ነው። ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ያስፈልጋል፤ ለዚያ የሁለቱም ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛና የ38 ክፍለ ሀገራት ስምምነት ይጠይቃል። ሙከራው አዲስ አይደለም፤ ሴናተር ዋልተር ሞንዴል ከኒክሰን ይቅርታ በኋላ በ1974 ኮንግረስ ይቅርታን በድምፅ እንዲሽር የሚያስችል ማሻሻያ አቅርበው አልተሳካም። የሚቻለው ሌላ ነው፦ ምስክር መጥራት፣ ሰነድ መጠየቅ፣ ጉዳዩን አደባባይ ማውጣት። ፎርድ በኦክቶበር 17 ቀን 1974 ራሳቸው ቀርበው በምክር ቤቱ ንዑስ ኮሚቴ ፊት ስለ ይቅርታው ተጠይቀዋል። ስለዚህ የኮንግረስ እጩውን «የራስህ ፓርቲ ፕሬዚዳንት ለባለሥልጣን ይቅርታ ቢሰጥ ምርመራ እንዲከፈት ትጠይቃለህ?» በሉት።

ድምፅ ከሰጣችሁ በኋላ

ገጹን አትጣሉት። ከኖቬምበሩ ምርጫ እስከ ጃንዋሪ 20 ያሉት ከአሥር በላይ ሳምንታት ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ለማንም መልስ የማይሰጥባቸው ናቸው፤ ከላይ የጠቀስናቸውን ቀኖች መልሳችሁ ብትቆጥሩ ዋይንበርገር፣ ሮስተንኮውስኪ፣ ኮሊንስ፣ ኪልፓትሪክ፣ ክራንድዌል ሁሉም በዚህ መስኮት የወጡ ናቸው። የገና ዋዜማን፣ ከገና በፊት ያለውን ሳምንትና የርክክቡን ጠዋት በቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ምልክት አድርጉ። በእነዚያ ቀናት የፍትሕ ሚኒስቴሩን ሁለቱንም ዝርዝር ክፈቱ፤ ይቅርታ ያገኘ ባለሥልጣን ካለ ስሙን፣ ወንጀሉንና የቀረለትን ካሳ መጠን በገጹ ጀርባ ጻፉ፤ እጩው ከተናገረው ቃል ጎን አድርጉት። ከዚያ ፎቶ አንስታችሁ ለምክር ቤት ተወካያችሁ ቢሮ ላኩት፤ ስማችሁንና የምትኖሩበትን ዚፕ ኮድ ጨምሩበት፤ ቢሮዎቹ ደብዳቤ ከራሳቸው ወረዳ መምጣቱን የሚያዩት በእሱ ነው።